ለሁሉም ሰው በየወሩ ገንዘብ ቢሰጥስ? አንድ ጥያቄ፣ 34 መልሶች

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ደሃም ሆነ ሀብታም፣ ሠራም አልሠራም፣ በየወሩ እኩል ገንዘብ ቢሰጥ ያዋጣል ወይ? ማመልከቻ የለም። የድህነት ማረጋገጫ የለም። ሥራ መፈለግህን አሳይ የሚል ሰው የለም። ገንዘቡ ለቤተሰብ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ይገባለታል፣ ሥራ ቢያገኝም አይቋረጥበትም። መሠረታዊ ገቢ የሚባለው ይሄ ነው።

የራሴን አቋም አልደበቅኩም። ያዋጣል ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰው ነገ ምን እበላለሁ ከሚል ጭንቀት ሲወጣ አሳቡ ይሰበሰባል፣ የሚሻለውን ሥራ ይመርጣል፣ ለመጥፎ አሠሪም እምቢ ማለት ይችላል አልኩ። ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነም ጨመርኩ። እንግሊዝ የተወለደው ጸሐፊ ቶማስ ፔን በ1797 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማንም ሰው 21 ዓመት ሲሞላው 15 ፓውንድ፣ ከ50 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 10 ፓውንድ እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መሬት መጀመሪያ የሁሉም ነበር፣ ስለዚህ መሬት የያዘ ላልያዘው ዕዳ አለበት ነው ነገሩ።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደሩት መልሶች፣ ረዘመ። አሁን ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው በቁጥራቸው እየተከተልኩ ላውጋችሁ። የራሴን አስተያየትም ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። አመስግኖ ጀመረና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ስንት? ለኑሮ የሚበቃ ገንዘብ ሌላ፣ ለኪስ የሚሆን ገንዘብ ሌላ፤ መጠኑ ሳይነገር ያዋጣል አያዋጣም ብሎ መከራከር አየር ላይ ነው አለ። እውነቱን ነው። ክሩን ወደ ኋላ ስመለከት ግማሹ ጭቅጭቅ የመጣው እያንዳንዱ ሰው በልቡ የተለያየ መጠን ይዞ ስለነበር ነው።

መልስ 2 ያንን ጥያቄ አልፎ በቀጥታ ወደ ስንፍና ሄደ። ቁጭ ብሎ የሚከፈለው ሰው ምን አነሳስቶት ይሠራል የሚል ነው። መልስ 3 ደግፎት የእህቱን ልጅ ታሪክ አመጣ፤ ልጁ ዘመድ ገንዘብ ይልክለት ስለነበር ሦስት ሥራ ጀምሮ ሦስቱንም ትቷል። የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ግን አልናቅኩትም። ሁላችንም እንዲህ ያለ ሰው እናውቃለን።

መልስ 4 ፊንላንድን ይዞ ገባ። አገሪቱ በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በየወሩ 560 ዩሮ ያለ ምንም ግዴታ ሰጥታ፣ ሰዎቹ ከማነጻጸሪያው ቡድን፣ ይህ ገንዘብ ካልተሰጣቸው ሥራ አጦች፣ ያነሰ አልሠሩም፣ እንዲያውም በሁለተኛው ዓመት በአማካይ ስድስት ቀን ያህል የበለጠ ሠርተዋል አለ። የአእምሮ ጤንነታቸውና በሰው ላይ ያላቸው እምነትም ተሽሎ ተገኝቷል።

መልስ 5 ወዲያው አረመው፤ በትህትና ግን ያለ ማወላወል። ፊንላንድ የሞከረችው መሠረታዊ ገቢን አይደለም። የተሰጣቸው ሥራ አጦች ብቻ ናቸው፣ መጠኑም ቀድሞ ያገኙት ከነበረው መደጎሚያ ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ በ2018 መጀመሪያ መንግሥት በሥራ አጦች ላይ አዲስ ጠበቅ ያለ ደንብ ስላወጣና ደንቡ ሁለቱን ቡድኖች እኩል ስላልነካ የስድስቱን ቀን ልዩነት ምን እንዳመጣው መለየት ከባድ ነው። ከዚህ በኋላ ፊንላንድን እንደ ማስረጃ ስጠቅስ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ገባኝ።

ከዚያ መልስ 6 መጣች። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይሄኛው ነው። ቢሮ በማጽዳት የምትተዳደር ሴት ናት፣ ገቢዋ ትንሽ ስለሆነ ከመንግሥት መደጎሚያ ታገኛለች። አንድ ወር የታመመች ባልደረባዋን ተክታ ለሦስት ሳምንት ተጨማሪ ፈረቃ ሠራች። መደጎሚያው ተቋረጠ። ለማስቀጠል የመጣላት ቅጽ ያለፉትን 13 ሳምንታት ገቢ በየሳምንቱ ለይታ እንድትጽፍ ይጠይቃል፤ እሷ ግን የሚከፈላት በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሌሊት ልጆቿ ከተኙ በኋላ የደመወዝ ወረቀቶቹን ከፌስታል አውጥታ ወለሉ ላይ ደርድራ፣ አንዱን ክፍያ ለሁለት እየከፈለች ጻፈች። ቅጹ ተመለሰባት። የሁለቱ ሳምንት ቁጥር እኩል መሆኑ አጠራጥሯቸው ነው። እስኪስተካከል ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ፣ በዚያ መሃል የቤት ኪራይ በብድር ከፈለች። በኋላ አለቃዋ ሌላ ተጨማሪ ፈረቃ ሲሰጣት አልፈልግም አለች። ሰነፍ ሆና አይደለም። ሒሳቡን ሠርታው ነው።

ስለ መሠረታዊ ገቢ ስናወራ ይሄ ነገር ይረሳል። ደሃውን ለይቶ የሚረዳ ሥርዓት፣ ደሃው ትንሽ ቀና ሲል እጁን ይሰበስባል። አንዳንዴ ተጨማሪ ሠርቶ ያገኘውና የሚቀነስበት እኩል ይሆናል። ሠራ አልሠራ ለውጥ ከሌለው ሰው ለምን ይደክማል? የመልስ 2ን ጥያቄ ገልብጣ መልሳ ጠየቀችው ማለት ነው። መሠረታዊ ገቢ ግን ቢሠራም ባይሠራም ስለማይነካ ያን ወጥመድ ያፈርሰዋል።

መልስ 7 አይዞሽ ብሎ አለፈ። መልስ 8 ግን ደረቅ ነበር። የአንድ ሰው ችግር የአገር በጀት አይሆንም፣ የተበላሸ ቅጽ ካለ ቅጹ ይስተካከል አለ። አባባሉ ከንክኖኛል፣ በተለይ ሴትየዋ ያን ሁሉ ከጻፈች በኋላ። ነጥቡ ግን ባዶ አይደለም።

መልስ 9 የእኔን ወገን የሚጎዳ ማስረጃ ነው ያመጣው፣ እኔም እንደሚገባው ልናገረው። ከ2020 እስከ 2023 አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስና ኢሊኖይ ግዛቶች፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው 1,000 ሰዎች ለሦስት ዓመት በየወሩ 1,000 ዶላር ተሰጠ። ሌሎች 2,000 ሰዎች ለማነጻጸሪያ በወር 50 ዶላር ብቻ ያገኙ ነበር። 1,000 ዶላር ያገኙት በአማካይ በሳምንት 1.3 ሰዓት ያህል ቀንሰው ሠሩ፣ ከሥራ የወጡትም በሁለት ፐርሰንት ነጥብ ገደማ በለጡ። ያተረፉት ጊዜ በአብዛኛው የሄደው ለእረፍት ነው። የተሻለ ሥራ ያዙ የሚል ግልጽ ውጤት አልተገኘም።

መልስ 10 ይህን አይቶ 1.3 ሰዓት ማለት እኮ በቀን ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ይሄ ነው ወይ የተፈራው ስንፍና አለ። እኔም እንደሱ ነው የማየው። በሦስት ዓመት የሚያልቅ ሙከራ ላይ ያለ ሰው ሥራውን ዘግቶ አይወጣም የሚለውን የመልስ 9 መልሶ ማጥቂያም ግን ተቀብያለሁ። ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ክፍያ ምን እንደሚያደርግ ከአጭር ሙከራ ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ መልስ 11 ልምጣ። ሰውየው ሒሳብ አስተማሪ ይመስለኛል። አራት ሰው ያላት አገር አስቡ አለ። አንዱ ገቢ የለውም፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 100፣ አራተኛው 250 ያገኛል። ድምሩ 400፣ አማካዩ 100 ነው። ለእያንዳንዱ 25 ልስጥ ካልን ወጪው 100 ነው፣ ከአገሪቱ ገቢ ሩብ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገቢ ላይ ሩቡን በግብር መውሰድ ያስፈልጋል። ገቢ የሌለው ምንም አይከፍልም፣ 25 ያገኛል። ባለ 50ው 12.5 ከፍሎ 25 ይቀበላል። ባለ 100ው 25 ከፍሎ ያንኑ 25 መልሶ ይቀበላል። ባለ 250ው 62.5 ከፍሎ 25 ይቀበላል፣ ከኪሱ የወጣው 37.5 ነው። በወረቀት ላይ ወጪው 100 ይመስላል፤ በእውነት ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተሻገረው ግን 37.5 ብቻ ነው።

ይህን ወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት። ትክክል ነው። ሁለቱንም ወገን የሚገስጽ ምሳሌ ነው። የሕዝቡን ቁጥር በወርሃዊው ክፍያ አባዝቶ ይሄን ያህል ቢሊዮን ከየት ይመጣል የሚለው ሰው ተሳስቷል፣ ምክንያቱም ብዙው ገንዘብ ሄዶ ወደዚያው ሰው ይመለሳል። ቀላል ነው የሚለውም ተሳስቷል። ሩቡ ለዚህ ብቻ ነው። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ሌላ ግብር ይፈልጋሉ። ሩቡ በዚያ ላይ ሲደመር እያንዳንዱ ሠራተኛ ተጨማሪ ካገኘው ላይ ግማሹን የሚያጣበት ደረጃ ሊደረስ ይችላል።

መልስ 12 እዚህ ላይ ወግቶ ገባ። ይህ ሁሉ የሚሠራው የእያንዳንዱ ሰው ገቢ መዝገብ ላይ ባለበት አገር ነው አለ። አብዛኛው ሰው በእጅ በእጅ በሚነግድበት፣ ደረሰኝ በማይቆረጥበት አገር ባለ 250ው ገቢውን ይደብቃል፣ ሸክሙ በሙሉ ደመወዙ ከባንክ በሚወጣው ባለ 100 ላይ ያርፋል። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ይበጅ ብሎ ዘጋ። ከሁሉም ተቃውሞ የከበደኝ ይሄ ነው። መሠረታዊ ገቢ በጣም የሚያስፈልጋቸው ድሃ አገሮች ናቸው፣ ግብር የመሰብሰብ አቅም የሌላቸውም እነሱው ናቸው።

መልስ 13 እና 14 ተጣሉ። ግብር ስርቆት ነው አይደለም የሚል የቆየ ጠብ ነው፣ ማንም አዲስ ነገር አልተናገረም። ከመልስ 15 እስከ 17 ደግሞ ስለ ቃሉ ነበር። አንዱ ሁለንተናዊ መሠረታዊ ገቢ መባል አለበት አለ፣ ሌላው ለሁሉም የሚከፈል ገቢ ብንለው እናቴም ይገባታል አለ። እኔ ከእናቱ ጋር ነኝ። መልስ 18 የሃይማኖት ጥቅስ ይዞ መጣና የማይሠራ መብላት የለበትም አለ፣ ያንን ክርክር ግን የመልስ 27 እናት በኋላ በደንብ መለሰችለት፣ እደርስበታለሁ።

መልስ 19 የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን አላስካን አነሳ፤ ያኔ ክሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። አላስካ በ1976 የነዳጅ ገቢዋን ከፊሉን የምታስቀምጥበት ቋሚ ፈንድ አቋቋመች፣ ከ1982 ጀምሮ ከትርፉ ለነዋሪው ሁሉ፣ ለሕፃናትም ጭምር፣ በዓመት አንዴ ትከፍላለች። የመጀመሪያው ክፍያ 1,000 ዶላር ነበር። አሁንም ይከፈላል። የገቢ ግብርም አልተጨመረም። ሰው ሥራ አቆመ ወይ ተብሎ ተጠንቶ ጠቅላላ የሠራተኛው ቁጥር አልቀነሰም፣ ከሙሉ ሰዓት በታች የሚሠራው ሰው ግን ጨምሯል። የክፍያው መጠን ግን በየዓመቱ ይዋዥቃል፣ ለኑሮም አይበቃም። ለመኖር አይደለም፣ ለመተንፈስ ነው።

መልስ 20 ሞንጎሊያን ከጎኑ አስቀመጠ። እሷም በማዕድን ገቢዋ ተማምና ከ2010 ጀምሮ ለዜጋው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ማደል ጀመረች፣ ወርሃዊው ክፍያ 21,000 ቱግሪክ ነበር። በ2012 ቆመ። ልዩነቱ ግልጽ ነው አለ። አላስካ መጀመሪያ አስቀመጠች፣ ከዚያ ከተቀመጠው ትርፍ አካፈለች። ሞንጎሊያ ገና ያልገባ ገንዘብ ነው ቃል የገባችው። ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የማያስቀምጥ አገር ለሁሉም ልስጥ ሲል ምርጫ ሲመጣ ይጀምራል፣ የማዕድን ዋጋ ሲወርድ ያቆማል።

መልስ 21 ኢራንን ጨመረ። በ2010 መጨረሻ የነዳጅና የዳቦ ድጎማ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል መሰጠት ጀመረ፣ ከሕዝቡ ከዘጠና ፐርሰንት በላይ ደረሰው። መጀመሪያ ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነበር። በኋላ የጥናት ሰዎች ሲመረምሩ ሥራ አስፈታ የሚለው ሐሜት ማስረጃ አላገኘም። መጠኑ ግን ለዓመታት ሳይስተካከል ቆየ፣ ዋጋ ደግሞ ሮጠ። ቁጥሩ ያው ነው፣ የሚገዛው ነገር ግን እያነሰ እያነሰ ሄደ። መልስ 21 ከዚህ ያወጣው ነገር ገንዘቡ ከዋጋ ጋር አብሮ እንዲያድግ በሕግ ካልታሰረ መንግሥት ምንም ሳይሰርዝ መሰረዝ ይችላል የሚል ነው።

መልስ 22 ኢራን ሲነሳ ጮኸ፦ ይኸው ግሽበት! ለሁሉም ገንዘብ ሰጥተህ ዋጋ ባይንር ነው የሚገርመው አለ። መልስ 23 ረጋ አድርጎ ለያየው። ገንዘቡ ከግብር ከመጣ አንዱ ያጣውን ነው ሌላው የሚያወጣው፣ አዲስ ገንዘብ አልታተመም። ታትሞ ከመጣ ግን የመልስ 22 ፍርሃት ልክ ነው። ኬንያንም ጠቀሰ። በምዕራብ ኬንያ ከ10,000 በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ሲሰጣቸው፣ በአካባቢው የዋጋ ጭማሪው 0.1 ፐርሰንት ያህል ብቻ ነበር፣ እያንዳንዱ ዶላር ደግሞ እጅ ለእጅ ሲዘዋወር ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ፈጠረ። ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ተጠቀሙ፤ ሱቁ ብዙ ሸጠ፣ ቀን ሠራተኛው ተፈለገ።

መልስ 24 ግን ዝም አላለም፣ እሱም ማስረጃ ነበረው። ፊሊፒንስ ውስጥ ራቅ ባሉ መንደሮች ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ሲሰጥ እንደ እንቁላል ያሉ ቶሎ የሚበላሹ ምግቦች ዋጋ ወጣ። ገንዘቡ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች የቁመት ዕድገት ተጎዳ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ገበያው ሩቅ ከሆነ፣ አቅርቦቱ ካልሰፋ፣ በገንዘብ ብቻ እንቁላል አይወለድም። ክፍያው ከመንደሩ ለከፊሉ ብቻ ስለነበር ደግሞ የቀሩት ዋጋውን እንጂ ገንዘቡን አላገኙም። ለሁሉም ይሰጥ የሚለውን የሚደግፍ ነጥብ ሆኖ ታየኝ፣ መልስ 24 ግን በዚህ አልተስማማም።

መልስ 25 ወደ ፖለቲካ ወሰደን። ስዊዘርላንድ በሰኔ 2016 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ 76.9 ፐርሰንቱ አይሆንም አለ። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በ2017 ወደ 4,000 ሰው የያዘ ሙከራ ጀምራ፣ በ2018 መንግሥት ሲቀየር አቋረጠችው። አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንት ኒክሰን የቤተሰብ መደጎሚያ ዕቅድ በ1970 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ድምፁ አይገኝም ነው የሚለው። ኦንታሪዮ ላይ ሰዎቹ ሦስት ዓመት ይከፈላችኋል ተብለው ኑሮአቸውን በዚያ አቅደው ነበር፤ መሃል ላይ ያን ማቋረጥ ከጅምሩ ካለመስጠት ይከፋል እላለሁ።

መልስ 26 የክሩ በጣም ስለታሙ ነው። እኛን የዋሆች ብሎ ጀመረ። ኢኮኖሚስቱን ሚልተን ፍሪድማንን ጠቅሶ፣ ከተወሰነ ገቢ በታች ላለ ሰው መንግሥት ግብር ከመውሰድ ይልቅ የሚከፍልበት ተገላቢጦሽ የገቢ ግብር ይሻላል አለ። እስከዚህ ድረስ ቁም ነገር ነው። ከዚያ ግን ሌላውን መደጎሚያ ሁሉ፣ የአካል ጉዳተኛውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የሕክምናውን፣ አጥፍቶ ለሁሉም አንድ ቼክ መስጠት ነው የሚያዋጣው፣ ከዚያ በኋላ ለተቸገረው ራሱ ይወቅበት አለ።

መልስ 27 ያቺ እናት ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ አይራመድም፣ አይናገርም። የእሷን ቀን በሰዓት ከፋፍላ ጻፈችው። ሌሊት ሁለቴ ተነስታ ታገላብጠዋለች፣ ቆዳው እንዳይቆስል። ጠዋት ምግቡን ፈጭታ በማንኪያ ታበላዋለች፣ አንድ ቁርስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ሥራ የላትም ተብላ ነው የምትመዘገበው። እኩል ገንዘብ እኩል ችግር ላለባቸው ሰዎች ነው እኩል የሚሆነው፣ የእኔ ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር ከጎረቤቴ ልጅ ጫማ ጋር አንድ ዋጋ የለውም አለች። ለመልስ 18ም የማይሠራ አይብላ ከማለትህ በፊት ሥራ ምን እንደሆነ ንገረኝ ብላ ጠየቀችው። አልመለሰላትም።

እኔ ከእሷ ጎን ነኝ። በዚህ ላይ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2017 ያወጣው ስሌት ያግዛታል። ያሉትን መደጎሚያዎች ሰብስቦ በዚያው ገንዘብ ለሁሉም እኩል ማካፈል የእያንዳንዱን ድርሻ ከድህነት መስመር በታች ያደርገዋል፣ ከቀድሞው ሥርዓት ተጠቃሚ የነበሩ ብዙ ድሆችም ይጎዳሉ። መሠረታዊ ገቢ ወለል ነው። ወለል ለመሥራት ጣራውን ማፍረስ የለብንም።

መልስ 28 በማኅበራዊ ጎኑ ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሳ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲያትልና ዴንቨር ላይ ለቤተሰቦች የገቢ ዋስትና የተሰጠበት ሙከራ ትዳር አፍርሷል ተብሎ ነበር አለ። ተብሎ ነበር፣ እውነት ነው፤ ለሐሳቡ መውደቅም አስተዋጽኦ አድርጓል። በኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ግን ያ ድምዳሜ አይቆምም ብለዋል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፦ ገንዘብ ስለሌላት ብቻ ከሚደበድባት ሰው ጋር የምትኖር ሴት በስሟ የሚገባ ገንዘብ አግኝታ ብትወጣ፣ ያንን ኪሳራ ብዬ አልቆጥረውም።

መልስ 29 የዳፊንን ነገር አመጣ። ካናዳ ውስጥ ማኒቶባ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነዋሪዋ በሙሉ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲወርድ እንዲሞላለት ዋስትና ተሰጠው። ገንዘቡ አለቀ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ ወረቀቱ 1,800 በሚሆኑ ካርቶኖች ታሽጎ መጋዘን ገባ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኢቭሊን ፎርጌት የተባለች ኢኮኖሚስት የከተማዋን የሕክምና መዝገብ ስታጠና ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ8.5 ፐርሰንት ቀንሶ አገኘች። በተለይ በአደጋና በአእምሮ ሕመም። የገንዘብ ጭንቀት ሰውን በአካሉም እንደሚያሳምም ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ነገር የለም።

መልስ 30 ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ሊወስድ ነው ብሎ ወደ ሌላ ዓለም ሄደ፣ መልስ 31 የትኛው ስልክ ጥሩ እንደሆነ ጠየቀ፣ አወያዩ ወደ ርዕሱ መለሰን።

መልስ 32 እኔን በቀጥታ ያዘኝ። ሠላሳ መልስ ሙሉ አስተያየት ስትሰጥ ቆይተሃል፣ መልስ 1 የጠየቀህን እስካሁን አልመለስክም አለ። ስንት? ከየት?

መልስ 33 የእኔ ነው። ለሙሉ ኑሮ የሚበቃ ገንዘብ ለሁሉም አሁን መስጠት አይቻልም፤ የመልስ 11 ሒሳብና የመልስ 12 ተቃውሞ አሳምነውኛል። ስለዚህ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ይጀመር። እነሱን ሰነፍ የሚል የለም፣ ዕድሜያቸውን ማረጋገጥም ገቢያቸውን ከማረጋገጥ ይቀልላል። መጠኑ ከአማካይ ገቢ አንድ አሥረኛ ይሁን፣ በየዓመቱ ከዋጋ ጋር እንዲያድግ በሕግ ይታሰር። ገንዘቡ ከመሬት፣ ከማዕድንና ከነዳጅ ይምጣ፣ ግን እንደ አላስካ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ከትርፉ። የአካል ጉዳተኛው መደጎሚያ አይነካ። ያ ከተረጋጋ በኋላ የዕድሜ ወሰኑ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሃል ይጠጋ። መልስ 26 ፈሪ ብሎኛል። መልስ 6 ደግሞ ልጆቿ ብቻ እንኳ ቢያገኙ በዚያ ዘጠኝ ሳምንት ኪራይ አትበደርም ነበር ብላለች።

መልስ 34 ዛሬ ጠዋት ገባ። ገንዘቡ በስልክ ይላካል ብለን ሁላችንም ገምተናል፣ ኬንያ ላይ በኤምፔሳ እንደተደረገው። መታወቂያ የሌለው ሰው፣ ስልክ የሌላት አሮጊት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ያልወጣለት ሕፃን እንዴት ነው የሚደርሳቸው ብሎ ጠየቀ። ለሁሉም ካልን እነሱ ናቸው የመጀመሪያዎቹ መሆን ያለባቸው፣ እንደተለመደው ከሄድን ግን የመጨረሻ ይሆናሉ። ይህንን ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ ምዝገባ ላይ የሠራ፣ ገጠር ገብቶ ስም የጻፈ፣ እባካችሁ መልስ 35ን ይጻፍልን።